ደቂቃ ቆጣሪ የሌለው ሰዓት



እሑድ ጠዋት በእናንተ ቤት እንዴት እንደሚያልፍ አላውቅም። በእኛ ቤት ለብዙ ዓመታት እንዲህ ነበር። እኔ ከረባቴን አስሬ፣ መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ፣ መኪና ውስጥ ገብቼ ክላክስ አደርጋለሁ። ባለቤቴ ከውስጥ «መጣን!» ትላለች። እንደገና ክላክስ። ልጆቹ አንድ እግር ጫማ እያንጠለጠሉ ይወጣሉ፤ እርሷ በሩን ቆልፋ፣ የረሳችውን ለማምጣት ተመልሳ ከፍታ፣ እንደገና ቆልፋ ትመጣለች። ገና መቀመጫዋ ላይ ሳትደላደል የእጅ ሰዓቴን አሳያታለሁ፤ «አሥራ ሁለት ደቂቃ!» ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ዝምታ ነው። በር ላይ አስተናጋጆቹ «ጌታ ይባርካችሁ» ሲሉን ሁለታችንም ፈገግ እንላለን።

አንድ እሑድ መንገድ ላይ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «አንተ የዘገየሁበትን ደቂቃ ታውቃለህ፤ የተነሣሁበትን ሰዓት ግን ጠይቀኸኝ አታውቅም» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የተነሣችው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደ ነበረ ያወቅሁት በኋላ ነው። የለበስኩትን ሸሚዝ ማን እንደ ተኮሰውና መቼ እንደ ተኮሰው እንኳ አስቤ አላውቅም ነበር።

ስለ ሰዓትና ስለ ደቂቃ ማሰብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። በዚሁ መካከል ስለ አንዲት የእንግሊዝ መንደር የሰዓት ማማ አነበብኩ፤ ታሪኩን ስለ ወደድኩት ዛሬ ከእናንተ ጋር ልካፈለው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።

መንደሪቱ ኮኒንግስቢ ትባላለች። የምትገኘው በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሊንከንሻየር በሚባለው ሜዳማ የእርሻ አገር ነው። እዚያ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከፍ ያለ የድንጋይ ማማም አለው። የማማው እግር ክፍት ቅስት ስለ ሆነ ሰው ከሥሩ ያልፋል። በማማው ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ክብ የሰዓት ገጽ አለ። ከዳር እስከ ዳር ወደ 5 ሜትር ይጠጋል፤ ብዙዎቻችን ከነልጆቻችን የምንቀመጥበት ሳሎን ያን ያህል አይሰፋም። ሰዓቱ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። በዚህ ሁሉ ስፋት ላይ የሚዞረው ቆጣሪ ግን አንድ ብቻ ነው። ደቂቃ ቆጣሪ የለውም። ተሰብሮ ወድቆ እንዳይመስላችሁ፤ ሲሠራም ያለ እርሱ ነው የተሠራው። ባለ አንድ ቆጣሪ ከሆኑት የዓለም ሰዓቶች ትልቁ እንደ ሆነ ይነገርለታል።

«ታዲያ እንዴት ይነበባል?» ትሉ ይሆናል። ቆጣሪው አንዱ ቁጥር ላይ ከሆነ ሰዓቱ ያ ነው። ወደሚቀጥለው ቁጥር መንገዱን ካጋመሰ ተኩል ሆኗል። ገጹ ትልቅ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ በክቡ ዳር ከአንዱ ቁጥር እስከ ሌላው ያለው ርቀት ከአንድ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፣ የለመደ ዓይን እስከ አምስት ደቂቃ ያህል አቅርቦ መገመት ይችላል። ከዚያ ያነሰውን ሰዓቱም አይናገርም፣ መንደርተኛውም አይጠይቅም።

እንደ እኛ ላለ ሰው ደግሞ ሌላ ምቾት አለው። እንግሊዝ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን የፈረንጁን ሰዓት ወደ እኛ ሲለውጡ ስድስት መደመርና መቀነስ ልማዳቸው ነው። እዚህ ማማ ሥር ግን ሒሳብ አያስፈልግም፤ የቆጣሪውን ጫፍ ትቶ በትይዩ ያለውን ቁጥር ማንበብ ነው። ጫፉ ዘጠኝ ላይ ከሆነ ትይዩው ሦስት ነው፤ በእኛም ሦስት ሰዓት ነው።

ለመሆኑ ሠሪዎቹ ሁለተኛውን ቆጣሪ ለምን ተዉት? ገንዘብ አንሷቸው ነው እንዳንል፣ ይህን የሚያህል ገጽ ያሠራ ሰው አንድ ዘንግ መጨመር አያቅተውም። ነገሩን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በድሮው አውሮፓ የማማ ሰዓት መጀመሪያ የሚሰማ እንጂ የሚታይ አልነበረም። በሶልዝበሪ ካቴድራል በ1386 ገደማ እንደ ተሠራ የሚነገርለት ሰዓት እስከ ዛሬ አለ፤ ገጽም ቆጣሪም የለውም። ሥራው በየሰዓቱ ደወል መምታት ብቻ ነበር። ራሱ «ክሎክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ደወል ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከባድ ክብደት በገመድ ይንጠለጠላል። ወደ ታች ሲወርድ ጥርስ ያላቸውን የብረት መዘውሮች ያዞራል። መዘውሮቹ እንዳይፈተለኩ ደግሞ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ አንዲት ብረት አንድ ጥርስ ትይዛለች፣ ትለቃለች፣ ትይዛለች፣ ትለቃለች። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ይህ ነው። ክብደቱ ወርዶ ሲያበቃ አንድ ሰው ደረጃውን ወጥቶ ገመዱን እንደገና መጠቅለል አለበት፤ በበረዶም ቢሆን፣ በበዓልም ቢሆን። የዚያን ሰው ሚስት ስለ ደረጃው ምን ትል እንደ ነበር ማን ጽፎ አስቀመጠ?

የጥንቶቹ መሣሪያዎች በአንድ ቀን ውስጥ እስከ ሩብ ሰዓት ሊሳሳቱ ይችሉ ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት ላይ ደቂቃ ቆጣሪ ማድረግ እህል በቁና እየሰፈሩ ስለ ግራም እንደ መነጋገር ነው። ነገሩ የተለወጠው ክርስቲያን ሁይገንስ የተባለ የኔዘርላንድ ሊቅ በ1656 የፔንዱለም ሰዓት ከሠራ በኋላ ነው። ስሕተቱ በቀን ከአንድ ደቂቃ በታች ወረደ። ደቂቃ ሊቆጠር ስለ ቻለ፣ መቆጠር ጀመረ። ደቂቃ ቆጣሪ መጀመሪያ በባለጠጎች ቤት፣ ከዚያም በከተማ ማማዎች ላይ እየተለመደ መጣ። ኮኒንግስቢ ግን እንዳለች ቀረች። ላም በደቂቃ አትታለብም፤ ቀብር የሚወጣ ሰው፣ ገበያ የሚሄድ ሰው፣ ለጸሎት የሚመጣ ሰው የሚፈልገው ሰዓቱን ነው።

በዚህ ጉዳይ የእኛ ቋንቋ ያስደንቀኛል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን፣ እጅ ላይ የሚታሰረውን፣ ማማ ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ «ሰዓት» ነው የምንለው። ስሙን ያገኘው ከሚቆጥረው ነገር ነው። «ደቂቃ» ደግሞ ከ«ደቃቅ» ጋር የሚዛመድ ቃል ነው፤ ተፈጭቶ የላመ፣ ጥቃቅን ማለት ነው። አባቶቻችን ያን ስም ያወጡት ሰዓትን ፈጭተው ፈጭተው የሚቀረውን አይተው ይመስላል።

መጽሐፍ ቅዱሳችንንም አስቡ። የበዓለ ኀምሳ ዕለት ጴጥሮስ ተነሥቶ ሲናገር ጊዜው ሦስት ሰዓት ነው (ሐዋ. 2፥15)። እርሱና ዮሐንስ ወደ መቅደስ ሲወጡ ዘጠኝ ሰዓት ነው (ሐዋ. 3፥1)። ጌታችን ደክሞት በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ሲቀመጥ ስድስት ሰዓት ነው (ዮሐ. 4፥6)። እንግሊዛዊ አንባቢ ይህ በእርሱ አቆጣጠር መቼ እንደ ሆነ የግርጌ ማስታወሻ ያስፈልገዋል፤ እኛ እንዲሁ እናነበዋለን። የወይኑ ባለቤት ሠራተኞችን ፍለጋ ወደ አደባባይ የወጣባቸው ጊዜያትም በሰዓት ተነግረዋል፤ ማለዳ፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ (ማቴ. 20)። በመጨረሻው ሰዓት የገቡትን ስንት ደቂቃ እንደ ሠሩ ያሰላው ማን ነበር? ቀድመው የገቡት ሠራተኞች ናቸው እንጂ ባለቤቱ አልነበረም።

ወደ እንግሊዝ ልመለስ። መንደሮችን ሁሉ በደቂቃ ያሰረው በኋላ የመጣው ባቡር ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ከተማ የሚኖረው በራሱ ፀሐይ ነበር። በምዕራብ ያለችው ብሪስቶል ከለንደን አሥር ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ፀሐይ እዚያ የምትደርሰው በዚያን ያህል ዘግይታ ነውና። ይህ ማንንም አልጎዳም ነበር። ባቡር ሲመጣ ግን በብሪስቶል ፀሐይ የተጓዘ ሰው ጣቢያ ሲደርስ ባቡሩ አምልጦታል። ታላቁ የምዕራብ ባቡር ኩባንያ በ1840 በመስመሩ ሁሉ የለንደንን ሰዓት አደረገ። ብሪስቶሎች ምን አደረጉ መሰላችሁ? በእህል ንግድ አዳራሻቸው ሰዓት ላይ ሁለት ደቂቃ ቆጣሪ አደረጉ፤ አንዱ ለለንደን፣ ሌላው ለራሳቸው። ሰዓቱ ዛሬም ሁለቱንም ይዞ አለ። ሳስበው ሳቄ ይመጣል፤ ስንት ትዳር ነው በአንድ ገጽ ላይ በሁለት ደቂቃ ቆጣሪ የሚኖር! በመጨረሻ በ1880 በሕግ አገሩ ሁሉ በግሪንዊች ሰዓት እንዲሄድ ተደረገ።

ባቡር ኮኒንግስቢ የደረሰው በ1913 ነው። በ1970 መስመሩ ተዘጋ። በ1940 ደግሞ የእንግሊዝ አየር ኃይል ከመንደሪቱ አጠገብ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ከፈተ፤ እስከ ዛሬ ይሠራል። ሰኮንድ ለሰኮንድ የሚቆጥሩ አብራሪዎች የሚነሡት ከዚህ ሰዓት ጎን ነው። ባቡሩ መጣ፣ ሄደ፤ አውሮፕላኑ መጣ፤ ማማው ላይ ሁለተኛ ቆጣሪ አልተጨመረም።

እዚህ ላይ ስለ ሌላ የሊንከንሻየር ልጅ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ከኮኒንግስቢ በቀጥታ ቢለካ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ኤፕወርዝ የምትባል ከተማ አለች። ጆን ዌስሊ በ1703 የተወለደው እዚያ ነው። ዌስሊ ጊዜን በማክበር ከሚታወቁ የእግዚአብሔር ሰዎች አንዱ ነው። ገና በኦክስፎርድ ሳለ ጀምሮ እያንዳንዱን ሰዓት በምን እንዳሳለፈ በማስታወሻ ይመዘግብ ነበር። «ሜቶዲስት» የሚለው የፌዝ ስም የወጣላቸውም ለሁሉ ነገር ሥርዓት ስለ ነበራቸው ነው። በጠዋቱ አሥር ሰዓት ይነሣል፤ ሠራተኛው ወደ ሥራው ሳይሄድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሰብክለታል። በሕይወት ዘመኑ ባብዛኛው በፈረስ 400,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘና ከ40,000 በላይ ስብከት እንደ ሰበከ ይገመታል። የእኛም ቤተ ክርስቲያናት በብዙ መንገድ የዚያ መነቃቃት የልጅ ልጆች ናቸው።

ይህ ሰው በየካቲት 1751፣ በ47 ዓመቱ፣ ሜሪ ቫዚል የተባለች ልጆች ያሏት መበለት አገባ። በሚቀጥለው ወር በጉዞ ማስታወሻው ላይ የጻፈውን ሳነብ ደነገጥኩ። ያገባ ሰባኪ ሳያገባ ከሚሰብከው አንድ ስብከት እንኳ ቢያጎድል፣ ከሚጓዘው አንድ ቀን ቢቀንስ፣ በእግዚአብሔር ፊት እንዴት ሊመልስ እንደሚችል አይገባኝም ይላል። አዲስ ሙሽራ ነው ይህን የሚጽፈው! መጀመሪያ አብራው በፈረስ ተጓዘች፤ አልቻለችም። ከዚያ እርሱ መንገድ፣ እርሷ ቤት። ቅናት ገባ፣ ደብዳቤዎቹን መክፈት ጀመረች፣ መራራ ቃል ተነገረ፤ በዚህ በኩል የእርሷም ጥፋት ቀላል አልነበረም። ደጋግማ ጥላው ሄዳ ተመለሰች። በጥቅምት 1781 ስትሞት እርሱ አጠገቧ አልነበረም። ለንደን የገባው በዚያው በቀብሯ ዕለት ነበር፤ መቀበሯን የሰማው ግን ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ታላቅ አገልጋይን ለማዋረድ አይደለም፤ እግሩ ሥር ብቀመጥ ክብሬ ነው። ግን አገልጋይ ባሎች ሆይ፣ ልባችን ሊፈራ ይገባል። ጳውሎስ ዘመኑን ስለ መዋጀት የጻፈበት የኤፌሶን ምዕራፍ አምስት፣ ከቁጥር 16 ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለ ባልና ሚስት ይናገራል። ብዙዎቻችን ቁጥር 16ን በቃላችን ይዘን ቁጥር 25 ሳንደርስ መጽሐፉን እንዘጋለን። ቤታችን ለስብሰባው፣ ለኮንፈረንሱ፣ ለጾም ጸሎቱ ካዋጀነው ጊዜ ፍርፋሪውን ያገኛል፤ ያም በእጅ ሰዓት እየታየ።

ደግሞ በአንድ ነገር እንዳትሳሳቱብኝ። መዘግየትን እያመሰገንኩ አይደለም። የሐበሻ ቀጠሮ እየተባለ የሰው ጊዜ የሚበላበት ልማድ ኃጢአት ነው ባይ ነኝ፤ በሠርግ ቀን ሦስት ሰዓት ተብሎ የተጠራ እንግዳ ስድስት ሰዓት ድረስ በረሃብ መቀመጥ የለበትም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሚስቴ ስንት ደቂቃ እንደ ዘገየች የማውቅ ሰው፣ ስንት ሰዓት እንደ ደከመች የማላውቅ ከሆነ፣ የያዝኩት ሰዓት ምን እየቆጠረ ነው?

ስለ ዌስሊ ቤት ያነበብኩት ሁሉ አሳዛኝ አይደለም። እናቱ ሱዛና 19 ልጆች ወልዳ ዘጠኙ ገና በሕፃንነት ሞተውባታል። የቀሩትን ራሷ እያስተማረች፣ ቤቱ ተቃጥሎባት፣ ባልዋ በዕዳ እየተያዘ፣ አንድ ሥርዓት አበጀች። በየምሽቱ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻዋ ትቀመጥ ነበር፤ ስለ ነፍሱ፣ ስለ ልቡ ትነጋገረዋለች። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ምሽት ነበረው፤ እሑድ ብቻ ለሁለት ይካፈሉታል። ቅዳሜ የዝማሬ ጸሐፊ የሆነው የቻርልስ ነበር። ሐሙስ የጆን ነበር። ባልዋ ለሥራ ለንደን ሳለ በ1712 ይህን ጽፋለታለች።

በ1732 ጆን ዌስሊ የኦክስፎርድ መምህር ነበር፤ ዕድሜው ሠላሳ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ለእናቱ ደብዳቤ ጽፎ፣ ያንን ያኔ ለእርሱ ትሰጠው የነበረውን የሐሙስ ማታ ጥቂት ጊዜ ዛሬም ልታሳስበው እንደምትችል፣ እንደ ድሮው እንደሚጠቅመው ለመናት። እያንዳንዱን ሰዓት የሚመዘግበው ልጅ ሃያ ዓመት ሙሉ ያልረሳው አንድ ምሽት ነበር።

ይህን ባነበብኩ ሳምንት ለባለቤቴ፣ «ሐሙስ ማታ የእኛ ይሁን» አልኳት። ልጆቹን ካስተኛን በኋላ፣ ስልክ ሌላ ክፍል ተትቶ፣ ሁለታችን ብቻ። ፈገግ አለች እንጂ ብዙም አላመነችኝም፤ እውነቷን ነው። የመጀመሪያው ሐሙስ ደረሰ። የሽማግሌዎች ስብሰባ ነበረኝ፤ አንድ አጀንዳ ላይ ተጨቃጨቅን፤ ወጥቼ ታክሲ ፈለግሁ፤ መንገዱ ተዘጋጋ። ቤት ስገባ ሃያ አምስት ደቂቃ አሳልፌ ነበር። በር ላይ ቆሜ ምን እንደምትለኝ ጠበቅሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብላ አላየችውም። ቡናውን አቅርባ ከሰሉን እያራገበች ነበር፤ «ና፣ አንተ ቁላው» ብላ ማማሰያውን ሰጠችኝ።